የለገሀሬው ትንሽ ባቡርና ድመቷ ሊቶሪና



ድሬዳዋን ለመጎብኘት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀፊራ ገበያ፣ ስለ ከዚራ ጥላማ ጎዳናዎች፣ ውሃ ስለሌለበት የደቻቱ ወንዝና ስለ ሙቀቱ ነው። እኔም ባለፈው የግማሽ ዓመት ዕረፍት ለስምንት ቀናት ወደዚያው አቅንቼ ነበር። የማወጋችሁ ግን ለገሀሬ ሰፈር ስላለች አንዲት ክፍል ነው። አራት በአምስት የሆነች፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ሁለት መስኮት ያላት ክፍል ናት። በውስጧ አንድ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አንዲት አሮጊት ድመት፣ አንድ ኤሊ፣ እንዲሁም ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ባቡር አሉ።

ሽማግሌው የእናቴ ወንድም ነው። ዕድሜውን በሙሉ የኖረው በምድር ባቡር ጋራዥ ሲሆን የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነበር። ዛሬም ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ አንድ ነገር ካልፈቱ ካልገጠሙ አያርፉም። ልጁ የልጅ ልጁ ነው፤ እናትና አባቱ ጅቡቲ ስለሚሠሩ ከአያቱ ጋር ይኖራል። ባለቤቱ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወደ አኼራ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ድመቷ የእርሷ ነበረች። ስሟንም ያወጣችላት እርሷ ናት፤ በጣሊያን ስም የምትጠራውን ያችን ፈጣን የመንገደኛ ባቡር አስታውሳ፣ ግልገሏ ከጓዳ ወደ ደጅ ስትፈተለክ አይታ “ሊቶሪና!” አለቻት። እነሆ አሁን ሊቶሪና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መፈትለኩን ትታለች።

ከአዲስ አበባ የሄድኩት በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር ጣቢያው ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ ስለሆነ፣ ከባቡሩ ወርዶ እንደገና መኪና መፈለግ ግድ ይላል። አጎቴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። “ባቡር ማለት ከተማ መሐል የሚገባ ነው፤ ከተማውን የወለደው እኮ እሱ ነው” ይላል። እውነቱንም ነው። የቀድሞው ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ሜዳ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ወደ እርሷ መውጣት አልቻለም፤ ስለዚህ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረችና በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲህ ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ ልክ አንድ ሜትር ነበር። የአዲሱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ይህን ቁጥር የነገረኝ ልጁ ነው፤ እንደ ፋቲሓ በቃሉ ይዞታል።

አሁን ወደ ክፍሏ እንግባ።

በሁለት አሮጌ በሮችና በኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ አራት ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ ተራራ አለ፤ ጋዜጣና አሮጌ ነጠላ በጀሶ ተነክሮ የተሠራ ነው። ግራሮች አሉ፤ ከእሾህ ቅርንጫፍ የተቆረጡ ናቸው። በጅቡቲ ምድር ያለው የሆልሆል ድልድይ ከብስክሌት ራጂ ተበይዶ ቆሟል። የድሬዳዋ ጣቢያ ከካርቶን ተሠርቶ ቀለም ተቀብቷል፤ ከፊቱ ደቻቱ ይፈሳል። ማለቴ፣ አሸዋው ይታያል። አሸዋው ከራሱ ከደቻቱ የመጣ ነው። በመሐሉ አንድ ዋሻ አለ። “አጎቴ፣ ይህ ዋሻ ለምንድን ነው?” ብለው ሳቀና “ልጁ ባቡሩ ጠፍቶ ብቅ ሲል ደስ ስለሚለው ነው” አለኝ።

ዋናው ሎኮሞቲቭ ጁኤፍ ከሚባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የወጣ መጫወቻ ነው። ከአጎቴ ጋር በአንድ ጋራዥ ይሠራ የነበረ ፈረንሳዊ በ1967 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ከጥቂት ሐዲድና ከሁለት ፉርጎ ጋር ለእርሱ ትቶለት ሄደ። አጎቴ በካርቶን አድርጎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ዓመታት አለፉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ነፍስ ባጠፋ ጊዜ እንኳ ካርቶኑ እዚያው ላይ ነበር። ያወረደው ባለቤቱ ከሞተች በኋላ ነው። ልጁ ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለው አንድ ነገር አብረው መሥራት ነበረባቸው።

የመጫወቻው ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። እኔ አስተማሪ አይደለሁ? ዕድሉን አላሳለፍኩትም፤ ልጁን ወረቀትና እርሳስ አስያዝኩት። 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። “ስለዚህ ሙሉውን መስመር ለመሥራት 9 ኪሎ ሜትር መጫወቻ ሐዲድ ያስፈልገናል” አለ። ያላቸው 14 ሜትር ነው። መልሶ በ87 አባዛውና 1 ኪሎ ሜትር ከ218 ሜትር ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አሰበና “ከዚህ እስከ መስጊዳችን እንኳ ይደርሳል፣ ባቡሩ መስጊድ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው” አለ። በዚህ ተስማማን።

እንግዲህ ይህን የመሰለ አገር ከድመት ጋር በአንድ ክፍል ማኖር እንዴት ይቻላል? እኔ ራሴ ድመት አሳድጌ ስለማላውቅ መጀመሪያ የመሰለኝ ነገር ድመቷ ባቡሩን እንደ አይጥ ታሳድደዋለች የሚል ነበር። ይህ የግልገሎች ሥራ ነው አለኝ አጎቴ። ትልቅ ድመት የምትፈልገው ሙቀት፣ ከፍታና አሸዋ ነው። የኤሌክትሪክ መቀነሻው ሣጥን ሲሠራ ይሞቃል፤ ስለዚህ ትተኛበታለች። ተራራው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ትቀመጥበታለች። አሸዋውስ? አሸዋው የደቻቱን መልክ እንዲይዝ ተብሎ እንዲሁ ተበትኖ ነበር። ሊቶሪና አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያም ድመት አሸዋ ላይ የምታደርገውን አደረገችበት። ልጁ ይህን ሲተርክልኝ መሬት ላይ ተንከባለለ። “ደቻቱ ሞላ!” እያለ። አያቱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያጥብ ነበር፤ የድመት ሽንት ነጃሳ ነው፣ ክፍሏም የሚሰግድባት ናት። ከዚያ ወዲህ አሸዋው ሁሉ በውሃ በተቀጠነ የእንጨት ኮላ ተለጠፈ። ደርቆ ሲጠነክር ድመቷ በጥፍሯ ሞከረችው፤ የማይጫር አሸዋ ለእርሷ አሸዋ አይደለምና ተወችው። በረንዳው ጥግ ለራሷ አንድ ሣጥን አሸዋ ተሰጣት።

ፀጉሯም ሌላ ጣጣ ነው። በሐዲዱ ላይ የወደቀ የድመት ፀጉር በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ እንደ ክር ይጠመጠማል፤ ከዚያ ወደ ጥርሱ ይገባና ሞተሩ እያቃሰተ ይቆማል። አጎቴ የእጅ ሰዓት ሠሪ ወረንጦ ይዞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ በአንድ ሲለቅም ላየው ዱዓ የሚያደርግ ይመስላል። ሐዲዱን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ያብሰዋል፤ ያለዚያ በአቧራው ምክንያት ኤሌክትሪኩ ወደ መንኮራኩሩ አያልፍም። ድመቷን ደግሞ በየጧቱ ከፈጅር በኋላ ያበጥራታል። ሟቿ ታደርገው የነበረ ነው፤ ማበጠሪያውም የእርሷ ነው።

በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፈው 12 ቮልት ስለሆነ ለድመት አያሰጋም። የሚያሰጋው ከግድግዳው የሚመጣው 220 ነው። ስለዚህ ገመዱ በብረት ቱቦ ውስጥ ገብቷል፣ ጨዋታው ሲያልቅም ሶኬቱ ይነቀላል። ዘይትና ቀለም፣ የክር ቁርጥራጭና ትናንሽ ብሎኖች ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ድመት እግሯ የነካውን ሁሉ ትልሳለችና። የብርቱካን ልጣጭም በጠረጴዛው ጠርዝ ደርድረው ነበር፤ ድመት ሽታውን ትጠላለች። ሊቶሪና ሁለት ቀን ጠላችው፤ በሦስተኛው ቀን ለመደችው።

ኤሊውን እንዳልረሳው። እርሱ ከጠረጴዛው በታች ነው የሚኖረው፤ ከግቢው ገብቶ እዚያ ይቀዘቅዛል። ጀርባው ከጠረጴዛው እግር ጋር ሲጋፋ የሆልሆል ድልድይ ይንቀጠቀጣል። ልጁም “ዘልዘላ!” ብሎ ይጮኻል። ውሻ ደግሞ አላቸው፤ ግን ውጭ ነው፤ ለጥበቃ የተያዘ ስለሆነ በደጅ ቤት ተሠርቶለታል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ሌሊት ይፈታል። ከቤተሰቡ በቀር ማንንም ወደ ግቢ አያስገባም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በሁለተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ አጎቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ልጄ፣ አንተ ኪታብ የቀራህ ነህ። ፀጉሯ ልብሴ ላይ እያለ ብዙ ጊዜ ሰግጃለሁ። እንዴት ነው?” አለኝ። እኛ በሻፊዒይ መዝሀብ ያደግን ሰዎች ይህን ጥያቄ በሕፃንነታችን ቀርተነዋል። ሥጋው ከማይበላ እንስሳ የተለየ ፀጉር በመዝሀባችን የታወቀው አቋም ነጃሳ ነው የሚል ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን፣ በተለይ ከእርሱ መራቅ ለሚያስቸግረው ሰው፣ ይቅር የተባለ ነው። ሌሎች ዑለማዎች ከመሠረቱ ንጹሕ ነው ይላሉ። ስለ ድመት ደግሞ የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። የዉዱእ ውሃ ቀርቦለት ሳለ ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል ዕቃውን አዘነበለላት፤ የልጁ ሚስት ከብሻ በመገረም ብታየው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በመካከላችን ከሚመላለሱት አንዷ መሆኗን መናገራቸውን ነገራት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ይህን ሁሉ አብራራሁለት። አጎቴ በጥሞና ሰማኝና “ሚስቴም እንዲህ ነበር የምትለው፤ ከሌላ ሰው መስማት አምሮኝ ነው” አለ።

ልጁም የራሱ ጥያቄ ነበረው። በጣቢያው ላይ ሰው የለም። ከጅቡቲ ሁለት ሳንቲም የሚያህሉ ትናንሽ መንገደኞች ማስመጣት ፈልጎ አያቱ ሥዕል ነው ብሎ ከለከለው። የልጆችን መጫወቻ በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች መፍቀዳቸውን፣ ለዚህም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነቷ የነበሯት አሻንጉሊቶችና ክንፍ ያለው ፈረስ ማስረጃ መሆኑን ነገርኩት። ልጁ በድል አድራጊነት ወደ አያቱ ዞረ። አያቱ ግን “መጫወቻው የማን ነው? የልጅ ነው የሽማግሌ?” ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ጣቢያው እስካሁን ባዶ ነው። መንገደኛው ሊቶሪና ብቻ ናት።

አሁን ልጽፈው ያልፈለግሁት ነገር ላይ ደረስኩ።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ባቡሩን ለማየት ይመጣሉ። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ልጆች ተሰበሰቡ። ድመቷ በጫጫታው ተደናግጣ በተራራው በኩል ስትሮጥ ሎኮሞቲቩን ከሆልሆል ድልድይ ላይ አሽቀንጥራ ጣለችው። አጎቴ በአየር ላይ ያዘው። በሰባ ስምንት ዓመቱ! ልጆቹ ጮኹ፤ እኔ ግን ልቤ ስለደነገጠ “ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ከዚህ ትውጣ” አልኩ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። እኔው አቀፍኳት፤ በረንዳው ጫፍ ወዳለው፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ወደሆነው ዕቃ ቤት አስገባኋት፤ በሩ ስለማይገጥም ቁልፉን ቆለፍኩት፤ መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩት።

ትርኢቱ አለቀ። ሎሚ በስኳር ጠጣን። ልክ ዐስር ሰግደን ስንጨርስ ከሐረር ስልክ ተደወለ፤ የአጎቴ አብሮ አደግ ታሟልና ይጠይቀዋል። ተቻኩለን ወጣን። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወጥተን፣ በሐረማያ በኩል አልፈን፣ ሐረር የደረስነው ለመግሪብ ነው። ሌሊቱን በሽተኛው ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ቅዳሜ ቀኑን በጀናዛውና በለቅሶው ዋልን። የጁገልን አምስት በሮች፣ ሰማንያ ሁለቱን መስጊዶች፣ የአደሬ ቤቶችን መደብና በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጌጥ በሌላ ጊዜ አወጋችሁ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ያየሁት ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ከዒሻ በኋላ፣ ልጁ ደክሞት ስለነበር እንዲያፍታታው ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚመገብበት ቦታ ወሰድኩት። ሐረር ጅብን በክፉ አታየውም። ሰውዬው በእንጨት ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ በስማቸው ሲጠራቸው ከጨለማው አንድ በአንድ ይመጣሉ። ልጁ በመገረም ሲያይ ቆየና “ኡስታዝ፣ ሊቶሪናስ እራት በልታ ይሆን?” አለኝ። “ጎረቤታችሁ አለች አይደል?” አልኩት። አለች። ቤቱ ባዶ ሲሆን በጋራው አጥር ግንብ ላይ ምግብ ታስቀምጥላታለች። ለማንኛውም እንደውልላት ብሎ በእኔ ስልክ ደወለ። ድምፁን ሰማሁት፤ “እሺ እማማ... እሺ... ከመቼ ጀምሮ?” ስልኩን ዘጋና “ከትናንት ወዲህ አልመጣችም። ምግቡም እንዳለ ነው” አለ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። መክፈቻው እዚያ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ድመቷን አስራ ሳታበላት፣ ከምድር ተባይ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በገደለቻት ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት የተላለፈውን ሐዲሥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፈው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እኔ ይህን ሐዲሥ በየዓመቱ ለሕፃናት አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ የድመት ጭራ እስልና ልጆቹ ሲስቁ ዝም አሰኝቼ እጀምራለሁ። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

ለአጎቴ ስነግረው ፊቱን አላየሁም። በለቅሶ ቤቱ በራፍ ላይ ነበርን። ጎረቤቲቱ እንዳትከፍትልን ውሻው ተፈትቷል፤ ሰባሪ ብትልክም አያስገባውም። አጎቴ ጫማውን አጠለቀና “መኪና ፈልግ” አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በሌሊት የደንገጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ የመመለሻ ገንዘቤን ሁሉ ቆጥሬ ሰጠሁት። ሾፌሩ አጎቴን በመስተዋቱ አየና “የታመመ ሰው አለ እንዴ?” አለ። አጎቴ “ቤት የቀረ ነፍስ አለ” አለው። ሾፌሩ ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ነዳ።

ወደ ታች እየወረድን ሙቀቱ ጨመረ። ከሐረር ስትነሣ ብርድ ነው፤ ድሬዳዋ ስትቃረብ ግን መስኮት ትከፍታለህ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የቆርቆሮውን ቤት የቀትር ሙቀት እያሰብኩ ነበር። አጎቴ ተስቢሁን ይቆጥራል። ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ ነበር፤ የተኛ መስሎኝ ነበር።

“ኡስታዝ፣ ያቺ ሴትዮ ረስታ ነው ወይስ ሆን ብላ?” አለኝ።

“ሆን ብላ ነው” አልኩት። “በመርሳት የተደረገን አላህ (ሱ.ወ.) ይምራል።”

“አንተ ግን ረስተህ ነው።”

“ረስቼ ነው።”

ጥቂት ቆየ። “ለሊቶሪና ግን ያው ነው አይደል?” አለ።

መልስ አልሰጠሁትም። አስተማሪ ነኝ፣ መልስ ማጣት አልለመደኝም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደረስን። ውሻው ጮኸና ባለቤቱን አውቆ ዝም አለ። ቁልፉን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አጎቴ ነጥቆ ከፈተው። የወጣው ሙቀት በዚያ ሰዓት እንኳ እንደ ምጣድ ነበር። ልጁ በባትሪ አበራ። በመጀመሪያ ምንም አላየንም። ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ቆርቆሮው ከመሬት ጋር ጥቂት ክፍተት ያለበት ቦታ፣ አፍንጫዋን ወደዚያች ክፍተት አስጠግታ ተጋድማ ነበር። አጎቴ ሲጠራት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ከዚያ ያለውን እርሱ ነው የሠራው። ጥጥ በውሃ ነክሮ ከንፈሯን አራሰ፤ ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ጠብታ በጠብታ። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ መስጠት ደግ አይደለም አለ፤ ትታነቃለች። ሆዷንና መዳፎቿን በእርጥብ ጨርቅ አበሰ። ልጁ ባትሪውን ይዞ ቆመ። እኔ ውሃ አመላላሽ ሆንኩ። ከፈጅር በፊት ራሷን ቀና አድርጋ ከሳሕኑ ራሷ ጠጣች። እሑድ ጧት አንድ የእንስሳት ሐኪም አይቷት ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣትና ዕድሜዋን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ኩላሊቷን ተጠንቀቁ፣ ውሃ አብዙላት አለን።

እሑድ ሙሉ ባቡሩ አልተነሣም።

አጎቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማክሰኞ ጧት፣ የምሄድበት ቀን፣ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ልሰናበት ስገባ ሁለቱም ጠረጴዛው ዘንድ ነበሩ። ልጁ ባቡሩን ከጅቡቲ አስነሣው። ሎኮሞቲቩ በሆልሆል ላይ አለፈ፣ ከዋሻው ገባ፣ ብቅ ሲል ሊቶሪና ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ለመዝለል አቅም ስላልነበራት በወንበሩ በኩል ነው የወጣችው። ቀስ ብላ ደቻቱን ተሻገረችና ከድሬዳዋ ጣቢያ ፊት ለፊት ሐዲዱ ላይ ተጋደመች። ልጁ አያቱን አየ። አጎቴ እጁን ዘርግቶ መሪውን ወደ ዜሮ መለሰ፤ ባቡሩም ከድመቷ ጀርባ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

“መስመሩ ተይዟል” አለ አጎቴ፤ ወንበሩንም ሳበና ተቀመጠ።

ልነካት ጠጋ ስል ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። እጄን መለስኩ። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋ ጀመር፤ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ የአዲስ አበባው ባቡር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አጎቴን ግንባሩን ስሜ ስወጣ ልጁም ወንበር ስቦ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። ድመቷ ተኝታለች። ባቡሩም እንደቆመ ነው።